ጥላ

አል ዓይን ነው ከተማው። ዐረቡ «ምንጭ» ቢለው፣
እኔ በአማርኛዬ ዓይን ነው የምለው፤
ማየት ነውና ሥራዬ፣ ማየት ነው የምበላው፣
ቆዳን አልፌ፣ ደረት ስቃኝ ነው የምውለው።

ገና አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሰልፉ ደጁን ሲሞላ፣
ሾፌሩ፣ ግንበኛው፣ ሞግዚቷ፣ አንዱ ካንዱ ኋላ፤
«ሳንባህ ንጹሕ ነው» የሚል ማኅተም ካልተመታ
መኖሪያ ፈቃድ የለም፣ የለም ሥራ፣ የለም ማታ።

በአምስት ቋንቋ አውቃለሁ አንዲቷን ትእዛዝ፦
አገጭህን ቀና፣ ትንፋሽህን ያዝ።
ከመስታወት ኋላ ጣቴን አሳርፋለሁ፤
ልቀቅ እላለሁ።
«ልቀቅ» ብዬው ያልተነፈሰ እስከዛሬ አላየሁ፤
እኔ ግን አራት ዓመት እንደያዝኩ አለሁ።

ደረቴ ላይ የተሰካች ትንሽ ቆጣሪ አለች፤
በየሦስት ወሩ ሄዳ፣ ተነብባ ትመጣለች፤
የነካኝን ጨረር አንድ ሳታስቀር ታውቃለች።
ያለፈኝን ሰርግ ግን፣ ያልደረስኩበትን ለቅሶ፣
ማን ይንገረኝ በቁጥር፣ ደምሮና ቀንሶ?

ሺጆ ይመክረኛል፣ የኬረላው ባልደረባዬ፣
ከምሳ ዕቃው ሩዝ እየጨለፈ፦
«እስከ መቼ ደረት? ማንም ነው የሚያነሳው።
ጨረር ሕክምና ግቢ፤ ፈተናው ሁለት ነው፣
ደሞዙ ሦስት እጥፍ፣ በዚያ ላይ እድገት አለው።»

እድገት!
ለልምምድ በሄድኩበት ሆስፒታል፣ በአንዲት ሴት ፋይል ላይ
ያንኑ ቃል አይቼው ነበር፣ ከጉበቷ ጥግ፦ «እድገት አለው።»
አንድ ቃል፤ ለእኔ መሰላል፣
ለእሷ የቀን መቁጠሪያ።

ማክሰኞ ሉባባ የምትባል ልጅ ገባች፤
«ከሐርቡ ነኝ፣ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው» አለች።
ፓስፖርቷ ሃያ ስድስት ይላል፤ ፊቷ አሥራ ዘጠኝ።
እኔ የምጠየቀው ስለ ሳንባዋ ነው፤ ዝም አልኩኝ።
ያዢ። ልቀቂ።
ስክሪኑ ላይ፣ ከቀኝ የአንገት አጥንቷ አጠገብ፣
ጥላ።

በዚህ አገር ጥላ ውድ ነው፤ በሐምሌ ቀትር
ላንድ ቴምር ዛፍ ጥላ ሦስት ሰው ይጋፋል።
ያው ጥላ ሳንባ ላይ ሲወድቅ ግን
የመመለሻ ትኬት ይቆርጣል፣
የደላላው ዕዳ ሳይከፈል፣ የተሸጠው በሬ ሳይተካ።

ኮምፒውተሩ ቀይ ክብ አሰመረበት።
ብልህ ነው፣ አይካድም፤ ስንት ሺህ ሳንባ ተምሯል፤
ሹሩባ ግን አልተማረም።
ተጠግቼ አየሁት፦ ጥላው የተገመደ ነው፣
ሦስት ሆኖ የተፈተለ፣ ጫፉ በክር የታሰረ።
«ማን ሠራሽ?» አልኳት በአማርኛ።
ደንግጣ እጇን ወደ አንገቷ ሰደደች፤
«አብራኝ የመጣችው ልጅ፣ ትናንት ሌሊት» አለች።
«ሰብስቢውና ወደ ላይ እሰሪው፤ እንደገና እናነሳለን።»

ሁለተኛው ሳንባ ከላይ እስከ ታች
ነፋስ ብቻ።
«አልሐምዱሊላህ» አለች፣ ሳትስቅ፤
በፋይል ቁጥሯ ከሚጠራት ሰውዬ ኋላ ወጣች።
ከዚያ ወዲያ የሚገጥማት
በየትኛውም መሣሪያ አይታይም።

ማታ የማመልከቻውን ቅጽ ከፈትኩ።
በጨረር ማፍጠኛ ላይ የሠራሽው ሰዓት፦ ዜሮ።
«ይህን ሙያ ለምን መረጥሽ?»
ደሞዙ ሦስት እጥፍ ስለሆነ፤ ጻፍኩ፣ አጠፋሁ።
ጥላ አይቶ ከማለፍ ጥላ ማቅለጥ ስለሚሻል፤
ይኼ አማረብኝ፤ ስላማረብኝ አጠፋሁት።
አባቴ አገር ቤት ለዚያ ማሽን ወረፋ ይዞ፣
ተራው ደርሶ ስሙ ሲጠራ፣ «አቤት» የሚል ስለጠፋ፤
ቅጹ፣ ፊደል በዛ አለኝ።
አሳጠርኩት፦ «አባቴ ወረፋ ይዞ ነበር።»

መስኮቱን ብከፍት ሙቀቱ እንደ እንግዳ ሳያንኳኳ ገባ።
ጣቴን እንደ ልማዴ «ላክ» የሚለው ላይ አሳረፍኩ፤
ያዢ፣ አልኩ ለራሴ።
ከመስታወቱ ኋላ ቆሞ
«ልቀቂ» የሚለኝ ማን እንደሆነ ግን አላውቅም።